ጥርስሽ ከመነቀሉ በፊት

በዚህ እትም የጤና ዓምዳችን የተቦረቦረ ጥርስ በምን በምን እንደሚሞላና እንደሚድን እንጨዋወታለን። «ጥርስ ደግሞ ምን ይወራለታል? ሲያም ይነቀላል እንጂ» የምትል እህት ትኖር ይሆናል። ርእሱን የመረጥነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በሰው ቤት የምትሠራ እህት ጥርሷን ሲያማት ብዙ ጊዜ ቶሎ አትናገርም። የዕረፍት ቀን የላትም፤ ወይም ማዳም ትቆጣለች ብላ ትሰጋለች፤ ወይም ለአገር ቤት የምትልከው ገንዘብ እንዳይጎድል ትሳሳለች። ፓናዶል እየዋጠች፣ ቅርንፉድ እየነከሰች ወራት ታሳልፋለች። በመጨረሻ እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ሲመጣ ክሊኒክ ትወሰዳለች። በአንድ ቀን የሚያልቀውና ርካሹ መንቀል ስለሆነም ጥርሷ ይነቀላል። ሕመሙ ይጠፋል፤ ጥርሱ ግን አይመለስም። አንድ መንጋጋ ሲጎድል ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፣ ከላይ ያለው ጥርስ ወደ ታች ይወርዳል፣ ማኘክ በአንድ ወገን ብቻ ይሆናል። በኋላ በቦታው ሰው ሠራሽ ጥርስ ላስተክል ቢባል፣ የሚጠየቀው ገንዘብ ለማስሞላት ከሚከፈለው ብዙ እጥፍ ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ባለፉት ስድሳና ሰባ ዓመታት የጥርስ መሙያ ነገሮች እጅግ ተሻሽለዋል፤ ድሮ ያለ ጥርጥር ይነቀል የነበረ ብዙ ጥርስ ዛሬ ይድናል። ስለዚህ እህቴ፣ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥሽ በፊት የሚከተለውን ብታውቂ ጥርስሽንም ገንዘብሽንም ታተርፊያለሽ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥርስ እንዴት ይቦረቦራል?

በአገራችን «ጥርሴን ትል በላው» ይባላል። ትል ግን የለም። በአፋችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ። እነዚህ ከምንበላውና ከምንጠጣው ስኳር አሲድ ይሠራሉ፤ አሲዱም ቀስ በቀስ ጥርስን ያሟሟል።

ጥርስ ሦስት ክፍሎች አሉት። ውጭኛው ኢናሜል የሚባለው ነጭ ሽፋን ነው፤ ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ ጠንካራው እርሱ ሲሆን ስሜት የለውም። ከሥሩ ዴንቲን የሚባል ለስለስ ያለ ክፍል አለ። በመካከል ደግሞ በተለምዶ ነርቭ የምንለው፣ ደም ሥርና ነርቭ ያለበት ሕያው ክፍል ይገኛል።

መበስበሱ ኢናሜል ላይ ብቻ ሳለ ምንም አያምም። ዴንቲን ሲደርስ ቀዝቃዛ ወይም ጣፋጭ ነገር ሲነካው ቆንጠጥ ያደርግና ወዲያው ይተዋል፤ ይህ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ በሙሌት ይድናል። ሕመሙ ከተነካ በኋላ እየቆየ የሚቀጥል፣ ትኩስ ነገር የሚያባብሰው፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ከሆነ ነርቩ ታሟል፤ ይህም ቢሆን የነርቭ ሕክምና አለው። ለሳምንታት ሲያሠቃይሽ የኖረ ጥርስ በድንገት ዝም ቢል ደግሞ «ተሻለኝ» ብለሽ አትተዪው። ነርቩ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ከሥሩ መግል የሚቋጥረውም ያን ጊዜ ነው።

ብርማው ሙሌት፦ አማልጋም

ብዙዎቻችሁ በመንጋጋችሁ ላይ ጠቆር ያለ ብር የሚመስል ሙሌት ይኖራችኋል። ስሙ አማልጋም ነው። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ሲሆን ቀሪው የብር፣ የቆርቆሮና የመዳብ ዱቄት ነው። ከ150 ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖሯል፤ ርካሽ ነው፣ ይበረታል፣ ምራቅ ቢነካውም እምብዛም አይበላሽም። ጉድለቱ ከጥርስ ጋር አለመጣበቁ ነው። እንዳይወልቅ ሲባል ሐኪሙ ጤነኛውን ጥርስ ጭምር ቆርጦ ቦታ ማበጀት አለበት።

ሌላው ጉዳይ ሜርኩሪው ነው። በጃፓን በሜርኩሪ የተመረዘ ሕዝብ በኖረባት በሚናማታ ከተማ የተሰየመ ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2013 ጸድቆ በ2017 ሥራ ላይ ውሏል። የአማልጋም አጠቃቀም እንዲቀንስ ካስገደዱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ፣ ሐኪሙ ለታካሚው የግድ ያስፈልጋል ካላለ በቀር፣ አማልጋምን አቁሟል። የስምምነቱ አባል አገሮችም በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው እስከ 2034 ድረስ እንዲቀር ተስማምተዋል።

ታዲያ አፍሽ ውስጥ ያለውን ልታስወጪው ይገባል? አይገባም። ካልተሰበረና ከሥሩ ካልበሰበሰ ባለበት ይቆይ፤ የሜርኩሪ ትነት ይበልጥ የሚወጣው ሲፈለፈል ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2020 ያወጣው ምክርም ይኸው ነው። አዲስ ለማስሞላት ግን እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች፣ የምታጠባና የኩላሊት ሕመም ያለባት ሴት በተቻለ መጠን ሌላ መሙያ እንድትመርጥ ይኸው ባለሥልጣን ይመክራል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ለሐኪሙ አትደብቂው።

ጥርስ የሚመስለው ሙሌት፦ ኮምፖዚት

ግድግዳ ሲለሰን አይታችሁ ከሆነ፣ ልስላሴ ያለው ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ አይይዝም፤ አስቀድሞ ይቆረቆራል። በ1955 ማይክል ቡኦኖኮር የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በጥርስ ላይ ያደረገው ይህንኑ የመሰለ ነገር ነው። ቀለም ቀቢዎች ብረት ከመቀባታቸው በፊት በአሲድ እንደሚያዘጋጁት እርሱም ኢናሜልን ለጥቂት ሰኮንዶች በአሲድ ነካው። ሽፋኑ በዓይን በማይታይ መጠን ሻካራ ሆነ፤ ፕላስቲክ መሰሉ መሙያም ጨብጦ ያዘ። ቀጥሎ ራፋኤል ቦወን የተባለ ሌላ አሜሪካዊ በ1962 የባለቤትነት መብት ያገኘበትን ሙጫ ሠራ። የዛሬው ኮምፖዚት በዚያ ዓይነት ሙጫና እጅግ በደቀቀ የመስታወት ዱቄት የተሠራ ነው።

ሐኪሙ ለስላሳውን ኮምፖዚት በስስ በስሱ ይጨምርና በሰማያዊ መብራት ያደርቀዋል። በተለመደው ዓይነት እያንዳንዱ ንብርብር 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በአንዴ እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሞሉ አዳዲሶችም ወጥተዋል። መብራቱ ሲያበቃ ሙሌቱ ስለጠነከረ ማደንዘዣው እንደለቀቀሽ መብላት ትችያለሽ። ቀለሙ ከጥርስሽ ይመሳሰላል፤ ስለሚጣበቅም የሚቆረጠው የበሰበሰው ክፍል ብቻ ነው ለማለት ይቻላል።

ጠላቱ እርጥበት ነው። በሚጣበቅበት ሰዓት ምራቅ ወይም ደም ከነካው ቶሎ ይለቃል፤ በጠርዙ በኩልም እንደገና ይበሰብሳል። ስለዚህ ሐኪሙ ጥጥ ሲከምርብሽ ወይም ጎማ መሰል ጨርቅ አፍሽ ላይ ሲወጥር አትሰልቺ፤ ለሥራው ጥራት የሚጠነቀቅ ሐኪም ምልክት ነው። ምራቅ ጥርሱ ላይ እንደደረሰ ከተሰማሽ እጅሽን አንሺ።

ያለ ማሽን የሚሞላው፦ ግላስ አዮኖመር

በ1969 አላን ዊልሰንና ብራያን ኬንት የተባሉ እንግሊዛውያን ለንደን ውስጥ ሌላ መሙያ ሠሩ። የመስታወት ዱቄት ከአሲድ ፈሳሽ ጋር ሲለወስ እንደ ሊጥ ይሆንና በራሱ ይጠነክራል። ከጥርስ ጋር በኬሚካል ይተሳሰራል፤ ጥቂት እርጥበትም ይችላል፤ ጥርስን የሚያጠነክረውን ፍሎራይድም ቀስ በቀስ ይለቃል። እንደ ኮምፖዚት ግን አይበረታም፤ ብዙ በሚታኘክበት ትልቅ ጉድጓድ ላይ ቶሎ ያልቃል።

ይህ መሙያ ለእኛ አካባቢ ሕዝብ ትልቅ ትርጉም አለው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በጎረቤታችን በምሥራቅ አፍሪካ፣ በታንዛንያ፣ የሆላንዱ ሐኪም ዮ ፍሬንከን መብራትና ማሽን በሌለበት የበሰበሰውን ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ እየጠረጉ መሙላትን ጀመረ። በኋላ ለዚህ አሠራር ግላስ አዮኖመር ተመራጭ ሆነ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1994 የዓለም ጤና ቀን አሠራሩን ለዓለም አስተዋወቀ። ሕመሙ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ መርፌ እንኳ አያስፈልግም። ማሽኑን ስለምትፈሪ ብቻ የምትቀሪ ከሆነ ሐኪሙን ስለዚህ ጠይቂው። ድርጅቱ በ2021 መሠረታዊ መድኃኒቶች ብሎ በሚዘረዝራቸው ውስጥ ግላስ አዮኖመርን፣ የፍሎራይድ ጥርስ ሳሙናንና ቀጥለን የምንነግራችሁን ፈሳሽ ጨምሯል።

ይህ ፈሳሽ ብርና ፍሎራይድ የያዘ ሲሆን በተቦረቦረው ጥርስ ላይ ይቀባል። መበስበሱን ያቆማል፤ መቦርቦርም መርፌም የለም። ነገር ግን የበሰበሰውን ቦታ እስከ መጨረሻው ያጠቁረዋል። ስለዚህ ለፊት ጥርስ ብዙም አይመረጥም፤ ለልጆች የወተት ጥርስና ለመንጋጋ ግን ይጠቅማል። አገር ቤት ለእናትሽ ወይም ለእህትሽ ትተሻቸው የመጣሻቸው ልጆች ካሉ ይህን ንገሪያቸው፦ የሕፃን ጥርስ መበስበስ በማስነቀል ብቻ የሚታከም አይደለም።

ነርቩ ሲነካ

ድሮ ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ ሐኪሙ የመጨረሻዋን ቅንጣት እስኪያወጣ ሲቆፍር ነርቩን ይበሳው ነበር። አሁን ነርቩ ሕያው ከሆነ ከበላዩ ያለውን ጥቂት የለሰለሰ ክፍል ትቶ፣ ዙሪያውን በደንብ አጽድቶ ማሸግ ተመራጭ ሆኗል። ምግብ የተከለከሉት ተሕዋስያን ሥራቸውን ያቆማሉ።

ነርቩ ቢነካ እንኳ በ1993 በካሊፎርኒያ በሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ መሐሙድ ቶራቢነጃድ ለጥርስ ሕክምና ያስተዋወቀው ልዩ ሲሚንቶ አለ። ቤት ከሚሠራበት ሲሚንቶ ጋር ዘመድ ነው፤ የተጣራና ለሰውነት የተዘጋጀ ሲሆን በእርጥበት ውስጥ ይጠነክራል። በጊዜ ከተደረሰ ነርቩን ሸፍኖ ያድነዋል። ነርቩ ፈጽሞ ከታመመ ደግሞ ሐኪሙ ነርቩን አውጥቶ የሥሩን ቱቦ ያጸዳና ይሞላዋል፤ ጥርሱም ይተርፋል። ነርቩ የወጣለት መንጋጋ ግን ይሰነጠቃልና ብዙ ጊዜ ከላዩ ሽፋን ያስፈልገዋል። ይህን ሳታስጨርሺ ብትቀሪ የከፈልሽው ገንዘብ ከጥርሱ ጋር ተሰብሮ ይቀራል። ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት ጠቅላላ ዋጋውንና ስንት ቀጠሮ እንደሚያስፈልግ ጠይቂ።

«ጊዜያዊ» የተባለውን አትርሺው

ብዙ እህቶች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ሕመሙን ለማስታገስ ጊዜያዊ ሙሌት ያደርግና «ተመለሺ» ይላል። ጥርሱ ዝም ሲል ቀጠሮው ይረሳል። ከጊዜያዊ ሙሌቶች አንዱ ዚንክ ኦክሳይድ ከቅርንፉድ ዘይት ጋር የተለወሰ ነው፤ እናቶቻችን ለጥርስ ሕመም ቅርንፉድ ማስነከሳቸው መሠረት የሌለው አልነበረም ማለት ነው። ነገር ግን ለሳምንታት እንጂ ለዓመታት የተሠራ አይደለም፤ ያልቃል፣ ምራቅ ያስገባል፣ ከሥሩ መበስበሱ ይቀጥላል። ወደ ሌላ ክሊኒክ ከሄድሽም ጊዜያዊ ሙሌት እንዳለሽ ተናገሪ፤ የቅርንፉዱ ዘይት ኮምፖዚት በደንብ እንዳይጠነክር ያደርጋልና።

ጥርሳችሁ ቡናማ ለሆነ እህቶች

በስምጥ ሸለቆ፣ በመተሐራ፣ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ ያደጋችሁ እህቶች ከጉድጓድ ውኃ በተገኘ ብዙ ፍሎራይድ ምክንያት ጥርሳችሁ ቡናማ ሊሆን ይችላል። ይህ ቆሻሻ አይደለም፤ መበስበስም አይደለም። በዓረብ አገር «የሆሊውድ ፈገግታ» እየተባለ ጤነኛ ጥርስ ተሞርዶ ሽፋን ይለጠፋል። የወራት ደሞዝሽን ከመክፈልሽ በፊት እወቂ፤ የተሞረደ ኢናሜል ዳግመኛ አይበቅልም፤ ሽፋኑም ዕድሜው ሲያልቅ እንደገና መከፈሉ አይቀርም። የጠቆረውን ገጽ በስሱ በመጥረግ ወይም ኮምፖዚት ከላይ በመለጠፍ የሚሻሻል ብዙ ጥርስ አለ። በመጀመሪያ ይህንን ጠይቂ።

ክሊኒክ ስትሄጂ

እነዚህን የዓረብኛ ቃላት ያዢ። ሙሌት «ሐሽዋ» ነው፤ መንቀል «ኸልዕ»፤ ነርቭ «ዐሰብ»፤ ማደንዘዣ «ቢንጅ»፤ ራጅ «አሺዓ»፤ ጊዜያዊ «ሙአቀታ»፤ እርጉዝ «ሓሚል»። ሌላ ባትችዪ እንኳ «ሐሽዋ፣ ላ ኸልዕ» በዪ፤ «ይሞላልኝ፣ አይነቀል» ማለት ነው። ከዚያም አራት ነገር ጠይቂ፦ ጥርሱ ሊድን ይችላል ወይ? በምን ይሞላል? ጊዜያዊ ነው ወይስ ቋሚ? ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው? እርግጥ ሊድን የማይችል ጥርስ አለ፤ ግንዱ ከድድ በታች የተሰበረ ወይም ሥሩ የተሰነጠቀ ከሆነ መንቀል ትክክለኛ ሕክምና ነው። ነገር ግን ይህ የሚወሰነው በምርመራና በራጅ ይሁን እንጂ ዋጋው ስለረከሰ ብቻ አይሁን።

ለማዳም ስትነግሪ ሕመሙ ሳይጠና ንገሪ። «አሁን ብሞላው አንድ ቀጠሮ ነው፤ ከቆየ ግን ብዙ ቀን ከሥራ ያስቀረኛል» ብትያት እርሷም ጥቅሙን ታያለች። በኩዌት የ2015 ሕግ ቁጥር 68፣ በኳታርም የ2017 ሕግ ቁጥር 15 አሠሪ ለቤት ሠራተኛው ሕክምና እንዲያቀርብ ያዛሉ። በሊባኖስ የሥራ ሕጉ የቤት ሠራተኛን ስለማያካትት የምትይዢው የተፈረመውን ውልና ኢንሹራንሱን ነው። የትም ብትሆኚ የኢንሹራንስ ካርድሽ ጥርስን ይሸፍን እንደሆነ፣ ለመንቀል ብቻ ወይስ ለሙሌትም እንደሆነ አስጠይቂ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ፊትሽ ወይም አንገትሽ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለሽ፣ አፍሽን መክፈት ወይም መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱሽ። የጥርስ መግል ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። አንቲባዮቲክ ብቻውን የተቦረቦረ ጥርስ አያድንም። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥም ድዱን ያቃጥለዋል፤ አታድርጊው።

ከሙሌት ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ያንቺው ጥርስ ነው። ጠዋትና ማታ በፍሎራይድ ሳሙና ቦርሺው፤ ቱቦው ላይ ከ1000 እስከ 1500 ያለውን የፍሎራይድ መጠን ፈልጊ። ከቦረሽሽ በኋላ አረፋውን ትፊ እንጂ አፍሽን በብዙ ውኃ አትጉመጥመጪ፤ ፍሎራይዱ ጥርስሽ ላይ ይቆይ። ቀኑን ሙሉ ስኳር የበዛበትን ሻይ እየደጋገሙ መጎንጨት ጥርስን በየሰዓቱ አሲድ ውስጥ መንከር ነውና፣ ጣፋጩን ከምግብ ጋር አድርጊው፤ በመካከሉ ውኃ ጠጪ።

እህቶቻችን፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በመስታወት ፊት አፋችሁን ከፍታችሁ ተመልከቱ። ጥቁር ነጥብ ወይም ምግብ የሚሰገሰግበት ቀዳዳ ካገኛችሁ፣ ሳያማችሁ ተናገሩ።